«ቡና» ሲባል ዝም ያለው መፈለጊያ፦ ከጅማ የቀረበ የጉዳይ ጥናት

ጅማ ውስጥ ለግብርና ልማት ሠራተኞች የሚሆኑ የሥልጠና ጽሑፎችን፣ መመሪያዎችንና የጥናት ዘገባዎችን ሰብስቦ በድረ ገጹ የሚያቀርብ አንድ ተቋም አለ። ስሙን መጥቀሱ ለነገሩ የሚጨምረው ስለሌለ እተወዋለሁ። ባለፈው ዓመት ክረምት ወደዚህ ተቋም የተጠራሁት ድረ ገጹን «እንዳሳምር» ነበር፤ መልኩ አርጅቷል፣ ቀለሙ አይስብም፣ ስለዚህም ሰው አይጎበኘውም የሚል አስተያየት ከኃላፊዎቹ ቀርቦ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ቡና እየተቀዳ ሳለ፣ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ያህል በመፈለጊያ ሳጥኑ ውስጥ «ቡና» ብዬ ጻፍሁ። የመጣልኝ መልስ «ምንም ውጤት አልተገኘም» የሚል ነበር።

ቀልድ ይመስላል። ከተማዋ የአገሪቱን የቡና ምርምር ለአሥርተ ዓመታት ሲያስተባብር የኖረው የግብርና ምርምር ማዕከል መቀመጫ ናት፤ በተቋሙ ክምችት ውስጥም ቡናን ከነአካቴው የማይጠቅስ ጽሑፍ ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ኃላፊዎቹ ግን በጉዳዩ ብዙም አልተደነቁም፤ መፈለጊያው እንደማይሠራ ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር፤ ማንም ስለማይጠቀምበት ደግሞ ማንም አልከሰሰውም። እኔም ቀለሙን ለጊዜው ተውሁትና ሰዎች የሚፈልጉትን ጽሑፍ እስከዚያች ቀን ድረስ እንዴት ሲያገኙት እንደኖሩ መጠየቅ ጀመርሁ።

መዝገብ ቤት ያለው መፈለጊያ

መልሱ የተቋሙ መዝገብ ቤት ኃላፊ ናቸው። በቢሮው ያለ ሰው ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው እኚህ ሴት ከጎማ፣ ከጌራ፣ ከማና፣ ከሊሙ ኮሳና ከሌሎችም ወረዳዎች ስልክ ይደወልላቸዋል፤ የጠያቂውን ሐሳብ ሰምተው ጨርሰው፣ ሁለት ጥያቄ መልሰው ይጠይቁና ፋይሉን ከኮምፒውተራቸው አውጥተው በቴሌግራም ይልካሉ። ሦስት ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ የተጠየቁትንና የላኩትን ጎን ለጎን ጻፍሁ። ከዚህ ሥራ በሙሉ ይበልጥ የጠቀመኝ ያ ማስታወሻ ነው።

ለምሳሌ አንድ የልማት ሠራተኛ «ያረጀ ቡና እንዴት እንደሚጎነደል የሚያሳይ» ብሎ ይጠይቃል፤ እሳቸው የሚልኩለት ሰነድ ግን ርእሱ «የእርሻ ማሳ እድሳት ማስፈጸሚያ ማንዋል» ነው። ጉንደላ የሚለው ቃል በርእሱ ውስጥ የለም። ሌላው ስለ ጀንፈል፣ ከነገለባው ስለሚደርቀው ቡና፣ አደራረቅ ይጠይቃል፤ የሚሄድለት «የድኅረ ምርት ጥራት አያያዝ ሥልጠና ሰነድ፣ ክፍል ሁለት» የተባለ ነው። ሦስተኛው ቃል እንኳ ሳይጨምር «74110» ብሎ ቁጥር ብቻ ይልካል። ቁጥሩ የቡና ዝርያ መጠሪያ ነው፤ የቡና ፍሬ በሽታ፣ ባለሙያዎች ሲቢዲ የሚሉት፣ በ1971 እ.ኤ.አ. አገራችን ውስጥ ከታየ በኋላ በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎች ከየጫካውና ከየማሳው ሲመረጡ፣ በ1974 እ.ኤ.አ. የተመረጡት 74 እያሉ በሚጀምሩ ቁጥሮች ተመዘገቡ፤ 74112፣ 74158 እና 74165 የእነዚሁ ወገኖች ናቸው። እትዬ ይህ ቁጥር በየትኛው ሰነድ ሠንጠረዥ ውስጥ እንዳለ በቃላቸው ያውቁታል። ድረ ገጹ አያውቀውም፤ ሠንጠረዡ የተቃኘ (ስካን የተደረገ) ምስል ነበርና።

ጠያቂው የሥራውን ቃል ይናገራል፤ ሰነዱ የቢሮውን ቃል ለብሶ ተቀምጧል፤ መሐል ቆመው የሚያስተረጉሙት አንዲት ሴት ናቸው። እሳቸው የዓመት ፈቃድ ሲወጡ የተቋሙ መረጃ አብሯቸው ፈቃድ ይወጣ ነበር ማለት ነው።

ከማስታወሻው ሌላ የነበረን ማስረጃ ሰርቨሩ የሚይዘው መዝገብ ነው። በመፈለጊያ ሳጥኑ ውስጥ የተጻፉ ቃላት ለወራት ተከማችተው ነበር፤ ማን እንደጻፋቸው የሚያሳየውን ክፍል አስወግደን ቃላቱን ብቻ ወሰድንና ባዶ መልስ ያገኙትን ለይተን ዘረጋናቸው። «ቡና»፣ «ማር»፣ «ጤፍ»፣ «ዘር»፣ «በግ»፣ «ዶሮ» ሁሉም ባዶ ናቸው። «በቆሎ»፣ «ማዳበሪያ»፣ «ችግኝ» ግን መልስ አግኝተዋል፤ ከሁሉም የሚገርመው «የቡና» ብሎ የጻፈ ሰው ብዙ ሰነድ አግኝቷል። ይባስ ብሎ ይኸው ቡና በቁቤ ሲጻፍ የአፋን ኦሮሞ ሰነዶች በብዛት ይመጣሉ። ቃሉ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው፣ ድምፁም አንድ ነው፤ በአንዱ ፊደል ሲጻፍ ይገኛል፣ በሌላው ሲጻፍ ይጠፋል።

ሁለት ሆሄ ያላቸው ቃላት

ዝርዝሩን ደጋግሜ ካየሁት በኋላ የገባኝ ነገር እጅግ ቀላል ነበር፤ የጠፉት ቃላት ሁሉ ባለ ሁለት ሆሄ ናቸው።

ድረ ገጹ የቆመው ማይኤስኪውኤል በተባለው በሰፊው የሚታወቅ የመረጃ ቋት ላይ ነው። ይህ ሶፍትዌር ጽሑፍን በቃል ለመፈለግ የሚያስችል ማውጫ ያዘጋጃል፤ ማውጫው ከመጽሐፍ ጀርባ እንደምናገኘው የቃላት መጠቁም ነው፣ እያንዳንዱን ቃል በየትኛው ሰነድ እንደሚገኝ አስቀድሞ ይመዘግባል። ሲመዘግብ ግን አጫጭር ቃላትን ይጥላል። በዘመናዊው የማከማቻ ዘዴው፣ በኢኖዲቢ፣ ሌላ ነገር ካልታዘዘ በስተቀር ከሦስት ፊደል በታች ያለ ቃል ማውጫው ውስጥ አይገባም። ልማዱ ለእንግሊዝኛ ምክንያታዊ ነው፤ በዚያ ቋንቋ ባለ ሁለት ፊደል ቃላት አብዛኞቹ አገናኝ ቃላት ስለሆኑ ቢጣሉ ማንም አይጎዳም። በእኛ ፊደል ግን አንዱ ሆሄ ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ፣ በላቲን አራት ፊደል የሚፈጀው ቡና በሁለት ሆሄ ያልቃል። ስለዚህ በቁቤ የተጻፈው ቡና ባለ አራት ፊደል ሆኖ ወንፊቱን አለፈ፤ «የቡና» ባለ ሦስት ሆሄ ስለሆነ ለጥቂት አለፈ፤ «ቡና» ራሱ ከበሩ ተመለሰ። የገበሬውን ቤት የሚሞሉት ቃላት፣ ማር፣ ጤፍ፣ በግ፣ ላም፣ በሬ፣ ዘር፣ ውኃ፣ ባለ ሁለት ሆሄ መሆናቸውን ከዚያን ጊዜ በፊት አስተውዬው አላውቅም ነበር።

ማስተካከያው ከአንድ ሰዓት ያነሰ ሥራ ነው። ዝቅተኛው የቃል ርዝመት በማስተካከያ ፋይሉ ላይ ከሦስት ወደ ሁለት ይወርዳል፣ የመረጃ ቋቱ ተዘግቶ ይከፈታል፣ ማውጫው እንደ አዲስ ይገነባል፤ ይህን የመጨረሻውን ረስቶ ለውጥ አላየሁም የሚል ሰው ብዙ ነው። ድረ ገጹ ይህን የመሰለ ጉድለት ተሸክሞ ስንት ዓመት እንደቆየ የሚያውቅ የለም፤ ምክንያቱም መፈለጊያው ስሕተት አላሳየም፤ «አልተገኘም» ብሎ በትሕትና መለሰ እንጂ። ባዶ መልስ ከብልሽት ይልቅ አደገኛ ነው፤ ጠያቂው ጽሑፉ የሌለ ይመስለዋል።

በማግሥቱ «ቡና» ብለን ስንጽፍ ከሞላ ጎደል የክምችቱ ሰነድ ሁሉ መጣ። ወደዚህኛው ጣጣ እመለስበታለሁ፤ በመጀመሪያ ግን ቃላቱ ራሳቸው ገና አልተገራም ነበር።

ቃል ልብስ ሲለብስ

«ችግኝ» ብሎ የጻፈ ሰው «ችግኞች»፣ «የችግኙ»፣ «ስለችግኝ» የሚሉትን አላገኘም፤ ማውጫው እነዚህን አራት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ያያቸዋልና። የአማርኛ ስም ከፊቱ የ፣ በ፣ ለ፣ ከ፣ ስለ፣ እንደ የሚሉትን፣ ከኋላው ደግሞ ብዙ ቁጥርን፣ ባለቤትነትንና ተሳቢን ይደርባል። ከኋላ የሚጨመረውን ማይኤስኪውኤል በኮከብ ምልክት ሊያግዝ ይችላል፤ «ቡና» ብሎ ኮከብ ማስከተል «ቡናው»ንና «ቡናችን»ን ያመጣል። ከፊት ለሚጨመረው ግን እንዲህ ያለ መንገድ የለውም፤ የእኛ ቋንቋ ደግሞ ሸክሙን በፊት በኩል መሸከም ይወዳል።

መጀመሪያ የሞከርነው አቋራጭ ነበር። ይኸው ሶፍትዌር ቃላትን በክፍተት ለማይለያዩት ለቻይንኛና ለጃፓንኛ፣ እንዲሁም ለኮሪያኛ ታስቦ የተሠራ፣ ጽሑፍን ሁለት ሁለት ፊደል እየቆረጠ የሚመዘግብ ዘዴ አለው። በአማርኛ ሲሠራበት «ቡና» የትም ተደብቆ ይገኛል፤ የ ቢለብስ በ ቢለብስ አያመልጥም። ግማሽ ቀን ያህል ደስ ብሎን ከቆየን በኋላ አንዱ ባልደረባ «በግ» ብሎ ፈለገ። «በግብርና» የሚል ቃል ያለበት ሰነድ ሁሉ መጣ፣ «በግል» እና «በግንቦት» ተከተሉት። በግብርና ተቋም ውስጥ ይህ ማለት በጉን ፈልጎ መንጋውን ከነእረኛው ማግኘት ነው። ዘዴውን ተውነው።

ሁለተኛው መንገድ ቃሉን ማራገፍ ነው። ነጋ ዓለማየሁና ፒተር ዊሌት የአማርኛ ቃላትን ለመረጃ ፍለጋ ወደ ግንዳቸው ስለመመለስ በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ስላለ ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ የሙሉ ቃል ትንተና ለሚፈልግም ማይክል ጋሰር ለአማርኛ፣ ለአፋን ኦሮሞና ለትግርኛ ያዘጋጀው ሆርንሞርፎ የተባለ ፕሮግራም አለ። እኛ ግን መዝገቡን ስናየው ሰዎች የሚጽፉት አብዛኛው ስም ነው፤ ግስ የሚጽፍ ጥቂት ነው። ስለዚህ ቀለል ያለ ደንብ በቃን አልን፦ ከእያንዳንዱ ቃል ጎን የተራገፈው መልኩ ይመዘገባል፤ ከፊት የሚራገፈው ግን የሚተርፈው ቢያንስ ሁለት ሆሄ ከሆነና ያ ትራፊ በክምችቱ ውስጥ ብቻውን ቆሞ የሚገኝ ቃል ከሆነ ብቻ ነው። በዚህ ደንብ «ከተማ» ተማ አይሆንም፣ «በርበሬ»ም ርበሬ አይሆንም፤ እንዲህ የሚል ቃል የለምና።

ደንቡ ሁለት ጊዜ አዋርዶናል። «በሽታ» የሚለው ቃል በ ተነሥቶለት «ሽታ» ሆነ፤ ሽታ ደግሞ በጥራት ምርመራ ሰነዶች ውስጥ ብቻውን የሚገኝ ትክክለኛ ቃል ነው። የቡና በሽታ የፈለገ ሰው ስለ ቡና ሽታ የሚያወሩ ገጾች ተቀላቅለው መጡለት። «በቆሎ»ም እንዲሁ «ቆሎ» ሆኖ ተገኘ። እነዚህን የሚያድን ደንብ የለም፤ የሚያድናቸው ዝርዝር ነው። እትዬ በደብተራቸው ላይ «እንዳይነኩ» የሚል ርእስ ጽፈው፣ እነዚህንና መሰሎቻቸውን በእጃቸው መዘገቡልን፤ ዝርዝሩ አጭር ነው፤ ለሥራው ግን ከደንቡ እኩል አስፈላጊ ሆኗል።

ስለ ብዙ ቁጥር አንድ ደስ የሚል ነገር ላክል። «ችግኞች» ወደ «ችግኝ» ሲመለስ መጨረሻው ች ከመነሣቱ ሌላ ሳብዑ ኞ ወደ ሳድሱ ኝ መውረድ አለበት። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ፣ የዓለም ቋንቋዎችን ፊደል ለኮምፒውተር በቁጥር በሚመዘግበው ደረጃ፣ ሦስተኛ እትም ሲገባ እያንዳንዱ ቤተሰብ በቅደም ተከተሉ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ስለተሰለፈ፣ ሳብዑን ሳድስ ለማድረግ ከኮዱ ላይ አንድ መቀነስ ብቻ ይበቃል፤ «ተባዮች» በዚሁ ስሌት «ተባይ» ይሆናል። «ገበሬዎች» ዎች ሲነሣለት ያልቃል። «እንስሳት» የመሰሉትን በእጅ ጻፍናቸው።

ፀሐይ በ12 መንገድ

በክምችቱ ውስጥ ቡናን በፀሐይ ስለማድረቅ የሚያስረዱ ብዙ ጽሑፎች አሉ፤ ፀሐይ ግን በአንድ መልክ አልተጻፈችም። ጸ እና ፀ ሁለት፣ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ስድስት ናቸው፤ ሁለት በስድስት ሲባዛ ይህች አንዲት ቃል በ12 መንገድ ልትጻፍ ትችላለች፤ ለአንባቢ ሁሉም አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን 12 የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሥልጠናና ስልጠና፣ ዓመትና አመት፣ ፀረ ተባይና ጸረ ተባይም እንደዚሁ ናቸው። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ሞክሼ ሆሄያትን ለፍለጋ ብቻ ወደ አንድ ማጠፍ፣ የአሮጌ ሰነዶችን ሁለት ነጥብ ወደ ባዶ ቦታ መለወጥ፣ «ጽ/ቤት»ን ከ«ጽሕፈት ቤት» ጋር ማስተሳሰር።

እዚህ ላይ አንድ ግዕዝ የተማሩ አዛውንት የተቋሙ አርታዒ ተቃወሙን። ሠዐለ ሥዕል መሣል፣ ሰአለ መለመን መሆኑን ጠቅሰው፣ ይህን ልዩነት ማጥፋት ሰነዱን ማበላሸት እንደሆነ በአክብሮት ግን አጥብቀው ተናገሩ። ቅሬታቸው ትክክል ነበር፤ ስለዚህ ሥራውን ከእሳቸው ጋር አስማማነው። የታጠፈው ጽሑፍ አንባቢ በማያየው የተለየ ዓምድ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሰነዱ እንደተጻፈ ይታያል፤ ጠያቂው ከጻፈው ፊደል ጋር ልክ ለልክ የሚገጥመው ሰነድም ከላይ ይቀድማል። አርታዒው ይህን ካዩ በኋላ የርእሶቹን ፊደል ለማረም ራሳቸው ፈቃደኛ ሆነዋል።

ፊደሉ የሚነበብበት ሰነድ ሲኖር ነው ይህ ሁሉ። ከክምችቱ አንድ ክፍል ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ነው፤ በስክሪን ላይ አማርኛ ይመስላል፣ ከሥሩ ግን የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድርድር ነው፤ ለእያንዳንዱ ፎንት የመለወጫ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ነበረብን። ሌላው ክፍል የተቃኘ ወረቀት ነው። እነዚህን ቴሰራክት በተባለው ነጻ የምስል ንባብ ፕሮግራም፣ የአማርኛውን ፋይል ጭነን አነበብናቸው። ፕሮግራሙ በን ከቡ፣ ለን ከሉ ይቀላቅላል፤ ደብዛዛ ገጽ ላይ ደግሞ የራሱን ቋንቋ ይፈጥራል። ስለዚህ የተነበበውን ለፍለጋ ብቻ ተጠቀምንበት፤ አንባቢው የሚያየው ምስሉን ነው። 74110 የተባለው ቁጥር ከሠንጠረዡ ውስጥ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ አኃዝ ከሆሄ ይልቅ በደንብ ይነበባል።

ከመፈለግ ወደ መቃኘት

አሁን ወደ ተውሁት ጣጣ ልመለስ። «ቡና» ምንም አያመጣም የነበረው ሁሉንም የሚያመጣ ሆነ፤ ለጠያቂው ሁለቱም ያው ናቸው። ካረን ስፓርክ ጆንስ የተባለችው እንግሊዛዊት ሊቅ በ1972 እ.ኤ.አ. እንዳመለከተችው፣ በሰነዶች ሁሉ ውስጥ የሚገኝ ቃል አንዱን ሰነድ ከሌላው ለመለየት አይረዳም፤ ክብደት ሊሰጠው የሚገባው በጥቂቶቹ ብቻ ለሚገኘው ቃል ነው። በጅማው ክምችት ውስጥ ቡና ማለት በሌላ ክምችት ውስጥ «ነው» እንደማለት ነው። ቡና ብሎ የጻፈ ሰው ገና ምን እንደሚፈልግ አልተናገረም፤ እትዬ በስልክ መልሰው ሁለት ጥያቄ የሚጠይቁትም ለዚህ ነው። ድረ ገጹም መልሶ መጠየቅ ነበረበት።

የነበረው ሜኑ የተሠራው በተቋሙ መዋቅር መሠረት ነው፤ እያንዳንዱ የሥራ ክፍል የራሱ ዓምድ አለው፤ ክፍሎቹ በየጊዜው ሲዋሐዱና ሲከፋፈሉ አንዱ ርእሰ ጉዳይ በሦስት ዓምድ ተበትኗል። የሰነዶቹን ርእስ በካርቶን ካርዶች ላይ ጻፍንና ለሥልጠና ወደ ከተማ የመጡ የልማት ሠራተኞች በሻይ ሰዓት እንደሚመቻቸው እንዲመድቧቸው ጠየቅን። አንዳቸውም በሥራ ክፍል አልመደቡም። የመደቡት በሥራውና በወራቱ ነው፤ በሰኔና በሐምሌ ተከላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ለቀማና ማድረቅ፣ ለቀማው ሲያበቃ ጉንደላ። አንዲት ወጣት ባለሙያ አንዱን ካርድ ወዴት እንደምታደርገው ግራ ገብቷት ሁለት ቦታ ላይ ልታስቀምጠው ትችል እንደሆነ ጠየቀች፤ ጥያቄዋ የነገሩ ቁልፍ ሆነ።

ወረቀት አንድ መደርደሪያ ላይ ብቻ ይቀመጣል፤ መረጃ ግን አይገደድም። የሕንዱ የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን በ1933 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአመዳደብ ሥርዓት፣ አንድን መጽሐፍ በአንድ ሳጥን ከመክተት ይልቅ በተለያዩ ገጽታዎቹ በአንድ ጊዜ መግለጽ እንደሚቻል አሳይቷል። እኛም ለእያንዳንዱ ሰነድ አምስት ገጽታ ሰጠነው፤ ሰብሉ ወይም እንስሳው፣ ሥራው፣ የአየር ጠባዩ ደጋ፣ ወይና ደጋ ወይም ቆላ መሆኑ፣ ቋንቋውና ዓመቱ። አሁን «ቡና» ብሎ የጻፈ ሰው ከውጤቱ በላይ ተከላ፣ ጉንደላ፣ በሽታና ተባይ፣ ለቀማ፣ ማድረቅ የሚሉ አማራጮችን ከየሰነዱ ብዛት ጋር ያያል፤ አንዱን ሲነካ ዝርዝሩ ይጠባል፤ ባዶ የሆነ አማራጭ አይታይም። የሥራዎቹን ስም የወሰድነው ከካርዶቹና ከእትዬ ማስታወሻ እንጂ ከሰነዶቹ ርእስ አይደለም።

ዓመቱ ከታሰበው በላይ አስቸግሮናል። ድረ ገጹ ሰነዶችን የሚደረድረው በተጫኑበት ቀን ስለሆነ፣ ባለፈው ወር የተቃኘ የ1990ዎቹ መመሪያ ከሁሉ አዲስ ሆኖ ከላይ ይቀመጥ ነበር። ቀኑን በእጅ ለማስገባት ስንነሣ ደግሞ ሥርዓቱ የሚያውቀው የጎርጎርዮሱን አቆጣጠር ብቻ ነው፤ ጳጉሜን ላይ የጸደቀ ሰነድ ማስገቢያ ወር አጣ። «2015» የሚለው ቁጥር በአንዱ ሰነድ ዓመተ ምሕረት፣ በሌላው እ.ኤ.አ. ነው። የታተመበትን ዓመት በሁለቱም አቆጣጠር በሁለት ዓምድ መያዝና ሁልጊዜ አጠገቡ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብሎ ማሳየት ግድ ሆነ።

ርእሶቹን መለወጥ አልቻልንም፤ የጸደቀ ሰነድ ርእስ አይነካም። ከርእሱ ሥር ግን አንድ መስመር መግለጫ በተናጋሪው ቋንቋ አከልን፤ «ያረጀ ቡናን ጎንድሎ ማደስ፤ መቼ፣ በምን ከፍታ፣ በምን መሣሪያ» የመሰለ። ይህን መስመር ከማንኛውም የቴክኒክ ሥራ አስበልጬ አየዋለሁ። የፋይሎቹ ስም ግን ሊለወጥ ይችል ስለነበር፣ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የተስተካከለ» እና «የመጨረሻ የተስተካከለ ሁለት» የተባሉትን ሁሉ አስወገድናቸው። በውጤቱ ዝርዝር ላይም ቃሉ የተገኘበትን ገጽ ቁጥርና የፋይሉን ክብደት በሜጋባይት ጻፍን፤ ጌራ ሆኖ በስልክ ዳታ የሚያወርድ ሰው አንድን ከባድ ሰነድ ከመክፈቱ በፊት ሊያውቀው የሚገባው ይህን ነው።

አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፉ ብዙ ናቸው፤ ስልካቸው የአማርኛ ኪቦርድ የለውም ወይም አልለመዱትም። የላቲን ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ እንደ ቁቤ ይፈለጋል፤ ቀጥሎ አናባቢዎቹ ተነሥተው በተነባቢ አጥንቱ ብቻ ከአማርኛው ጋር ይነጻጸራል። ይህ ብዙ ስለሚሳሳት ውጤቱን አንቀላቅለውም፤ «ይህን ማለትዎ ይሆን?» ተብሎ በጥያቄ ይቀርባል። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ መካከል ደግሞ የአቻ ቃላት ሠንጠረዥ ተዘጋጅቶ፣ በአንዱ የጠየቀ ሰው በሌላው ያለውን ከታች ያገኛል።

ፈተናው

ሥራው መሻሻሉን በስሜት መወሰን አልፈለግንም። እንግሊዝ አገር ክራንፊልድ ውስጥ ሲሪል ክሌቨርደን በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ያዳበረው ዘዴ አሁንም ያገለግላል፤ ከመዝገቡ 30 ጥያቄዎች መርጠን፣ ለእያንዳንዳቸው የትኞቹ ሰነዶች ሊመጡ እንደሚገባ ሁለት የቡናና የእንስሳት ባለሙያዎች ኮምፒውተሩን ሳያዩ አስቀድመው ምልክት አደረጉ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ለውጥ ባደረግን ቁጥር ከሚገባቸው ስንቱ እንደመጡ፣ ከመጡትም ስንቱ እንደሚገባቸው ቆጠርን። ሞክሼ ሆሄያትን ማጠፉ ጉዳት ሳያስከትል ብዙ ጠቀመ። ቃሉን ማራገፉ ጠቅሞ ጎዳ፤ «እንዳይነኩ» የሚለው ዝርዝር ከገባ በኋላ ጉዳቱ ቀነሰ። ለ«ጉንደላ» ትክክለኛውን ሰነድ ያስገኘው ግን ከሁሉም ብልሃት ይልቅ ከርእሱ ሥር የተጻፈችው አንዲት መስመር ነች።

በመካከሉ ሁሉንም ነገር ትተን ኢላስቲክሰርች ወደተባለው ራሱን የቻለ የፍለጋ ሶፍትዌር እንሸጋገር የሚል ሐሳብ ከአንድ ወጣት ባልደረባ መጥቶ ነበር። ሐሳቡ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን ሌላ ሰርቨር፣ ሌላ ጠባቂና መብራት በጠፋ ቁጥር ሌላ የሚነሣ ነገር ማለት ነው፤ እኔ ስሄድ የሚጠብቀው ሰው ደግሞ አልነበረም። ማጠፉም ማራገፉም በዚያም ቢሆን በእጅ መሠራት ነበረበት።

የቀለሙ ነገር እስካሁን አልተነካም። ኃላፊዎቹም መልሰው አልጠየቁኝም።

አሁን ባዶ መልስ ያገኙ ወይም ውጤታቸው ሳይከፈት የቀረ ቃላት በየሳምንቱ ዓርብ ታትመው ለእትዬ ይደርሳሉ፤ እሳቸው ከእያንዳንዱ ጎን ትክክለኛውን ሰነድ ወይም አቻውን ቃል በእስክሪብቶ ይጽፋሉ፣ ባልደረባቸው ወደ ሠንጠረዡ ያስገባዋል። በመጨረሻ ባየሁት ዝርዝር ላይ አንድ ሰው «የቡና ሽታ» ብሎ ፈልጎ ከመጣለት አንዱንም አልከፈተም። በሽታን ከሽታ በስንት ድካም ለይተን ስናበቃ፣ በማራገፍ ስሕተት ይመጡ የነበሩት የጥራት ሰነዶች በትክክለኛው ጥያቄም አልጠቀሙም፤ ሽታን የሚጠቅሱት ለጉድለት ብቻ ነው፣ ጠያቂው የፈለገውን በጎውን ነገር ሲያነሡ «መዓዛ» ይላሉና። እትዬ ከቃሉ ጎን «መዓዛ» ብለው ጽፈው፣ ቀጥሎ በቅንፍ «ቃና» ጨምረውበታል።